ጎንደር ውስጥ ለአዲስ ሪፍ አኳሪየም ልክ መምረጥ

ሪፍ አኳሪየም ኮራልን፣ ዓሣንና ሌሎች የባሕር ፍጥረታትን በጨዋማ ውኃ ውስጥ አንድ ላይ የሚያኖር የመስታወት ገንዳ ነው። ከተለመደው የዓሣ ገንዳ የሚለየው ኮራል ጠንካራ ብርሃን፣ ፈጣን የውኃ እንቅስቃሴና የማይዋዥቅ የውኃ ይዘት ስለሚፈልግ ነው። ሦስቱም ከገንዳው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ጋር የተያያዙ ናቸው። ፓምፕም መብራትም በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ መስታወት ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በትክክል መወሰን ያለበት ልኩ ነው።

ብዙ መመሪያዎች ቤቱ የሚችለውን ትልቁን ገንዳ መግዛት ይመክራሉ። ጎንደር ላይ ይህ ምክር ሳይስተካከል አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ትገኛለች፣ የባሕር ጨው ከሩቅ ይመጣል፣ ቧንቧ በፈረቃ ነው፣ መብራትም ይሄዳል። ልኩ ከእነዚህ ጋር መታረቅ አለበት።

ወርድ ከቁመት ይቀድማል

የገንዳ መጠን በሊትር የሚገኘው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝተው ለ1,000 ሲካፈሉ ነው። 120 × 60 × 50 የሆነ ገንዳ በወረቀት ላይ 360 ሊትር ነው። የመስታወቱ ውፍረት፣ ከላይ ባዶ የሚተወው 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትርና ኮራሉ የሚቀመጥበት ዐለት የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ የሚቀረው ውኃ 290 ሊትር ገደማ ነው። ጨው፣ መድኃኒትና ማሞቂያ መሰላት ያለባቸው በዚህ በተጣራው መጠን ነው። በወረቀቱ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ሁልጊዜ ከልክ በላይ ይጨምራል።

ገዢ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ርዝመቱና ቁመቱ ላይ ነው፤ ከፊት ሲታዩ ደስ ይላሉ። ሪፉን የሚሠራው ግን ወርዱ ነው። 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለውን ገንዳ እንውሰድ። የሁለቱ መስታወት ውፍረት 2 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ውኃ እንዲዘዋወርና ቆሻሻ እንዳይጠራቀም ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተው አለበት፤ የማጽጃው ማግኔት እንዲያልፍና ኮራሉ ሲያድግ መስታወቱን እንዳይነካ ከፊትም 10 ሳንቲ ሜትር። ለዐለቱ የሚተርፈው 23 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ ከግድግዳ የማይሻል ቀጥ ያለ ክምር እንጂ ዋሻና እርከን ያለው ሪፍ አይሠራም። ወርዱ 60 ሲሆን ለዐለቱ 38 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ውኃን ከገጹ ተቀብሎ ወደ ታችኛው የማጣሪያ ገንዳ የሚያወርደው ሳጥን በገንዳው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ተጨማሪ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበላልና ከውጭ የሚገጠመውን መምረጥ ይሻላል።

ሌላው ምክንያት ከፍታው ነው። ጎንደር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። 26 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ጠረፍ ላይ በአንድ ሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ላይ ይቆማል። ኦክስጅን የሚገባው በውኃው ገጽ በኩል ስለሆነ ሰፊና ዝቅ ያለ ገንዳ ያንኑ ያህል ውኃ ከያዘ ቀጭንና ቁመታም ገንዳ የተሻለ ይተነፍሳል። ስድስት ማዕዘን ያለው ቁመታም ገንዳ ለሳሎን ጌጥ ያምር ይሆናል፤ ለጎንደር ሪፍ ግን ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለተሰጠ ልክ ተብሎ የተቀመጠውን የዓሣ ቁጥርም ከሩብ በላይ መቀነስ ያስፈልጋል።

ቁመት ሲጨምር ሌላ ዕዳ ያመጣል። ውኃ በመስታወት ላይ የሚያሳርፈው ጫና የሚያድገው በጥልቀቱ ካሬ ነው። 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የፊት መስታወት ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ወደ 125 ኪሎ ይገፋል፤ ጥልቀቱ 55 ሲሆን ግፊቱ ወደ 185 ኪሎ ይደርሳል። አሥር ሳንቲ ሜትር ለመጨመር ከ10 ሚሊ ሜትር መስታወት ወደ 12 መሄድ ግድ ይሆናል። ብርሃኑም ታች ለመድረስ ይደክማል። የአዋቂ ክንድም ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከወለሉ ላይ የወደቀን ኮራል ለማንሳት በርጩማ ላይ ወጥቶ ብብት ድረስ መንከር ይመጣል። 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ርዝመቱን የሚወስኑት ዓሦቹና መብራቱ ናቸው። ጥንድ ክላውንፊሽ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ይኖራል። በቀይ ባሕር የሚገኘውን ሐምራዊ ታንግ የመሰለ ዋናተኛ ግን ከ120 በታች ይጨነቃል፣ 150 ቢሆን ይመረጣል። አብዛኛው የኤልኢዲ መብራት አንዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 120 በሁለት መብራት በትክክል ይሸፈናል፣ 100 ግን ሁለት ገዝቶ አንዱን በግማሽ ማባከን ነው።

ጨውና ውኃ

አንድ ሊትር የሪፍ ውኃ ለመሥራት 37 ግራም ያህል የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይፈልጋል። ከላይ ያለው ገንዳ ከታች ከሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ፣ ማለትም ሳምፕ፣ ጋር 350 ሊትር ውኃ ይዟል ብንል፣ ለመጀመሪያው ሙሌት 13 ኪሎ ጨው ይሄዳል። በሳምንት አንድ አሥረኛው ሲቀየር በወር ከ5 ኪሎ በላይ ማለት ነው። 90 × 60 × 45 የሆነ ገንዳ ከሳምፑ ጋር 230 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ወርሃዊ ፍጆታው ወደ 3 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ልክ ከመወሰኑ በፊት የስድስት ወር ጨው ዋጋ ተጠይቆ መታወቅ አለበት፤ በጨው እጦት ውኃ የማይቀየርለት ትልቅ ገንዳ በትንሽ ገንዳ ይበለጣል።

የአፋር አሞሌ ወይም የወጥ ጨው ምትክ ይሆናል ብሎ ማሰብ ገንዳውን መግደል ነው። አሞሌ ከጥንት የባሕር ውኃ ትነት የቀረ ቢሆንም በብዛት ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት ይጎድለዋል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውኃም በአርኦ ማጣሪያ፣ ማለትም ውኃን በግፊት በረቂቅ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን በሚለይ ማጣሪያ፣ ያለፈ መሆን አለበት። ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሦስት ሊትር ያህል ይጥላል፤ 350 ሊትር ለማግኘት 1,400 ሊትር የቧንቧ ውኃ ይወጣል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንዴ ሞልቶ አይበቃውም፤ ሥራውን በሁለት የውኃ ፈረቃ መክፈል ይቻላል። ማጣሪያው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲፈልግ ከሦስት ሜትር ከፍታ የሚወርድ የሮቶ ውኃ 0.3 ባር ብቻ ስለሚሰጥ የግፊት ፓምፕ የግድ ነው። የሚጣለው ውኃ ልብስ ያጥባል፣ ጓሮ ያጠጣል።

በበጋው ደረቅ አየር ከ120 × 60 ገጽ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይተናል። የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ስላልሆነ የሚተካው በንጹሕ ውኃ ነው። በጣም ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ የማይመከረው እዚህ ላይ ነው፦ 40 ሊትር የያዘ ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ካጣ ጨዋማነቱ (በአንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ ያለው ጨው በግራም) በሁለት ቀን ከ35 ወደ 37 ይጠጋል፤ 350 ሊትሩ በቀን 4 ሊትር ቢያጣ በዚያው ጊዜ ገና 36 አልደረሰም።

መብራት ሲሄድ

ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የጎንደር ሌሊት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ሳይሆን ማሞቂያ ነው። ለ350 ሊትር ባለ 150 ዋት ሁለት ማሞቂያ ከአንድ ባለ 300 ይሻላል፤ አንዱ ተጣብቆ መሥራት ቢቀጥል ብቻውን ውኃውን አያፈላም፣ ቢቃጠልም ሌላው ይይዛል።

ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ 15 ዋት የሚበላ የዲሲ ፓምፕ 40 ሰዓት ይሠራል፤ 300 ዋት ማሞቂያ ግን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባትሪው ለውኃ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ለኦክስጅን ይቀመጣል፤ ዓሣ በመጀመሪያ የሚያልቀው ታፍኖ ነውና። ሙቀቱን የሚያቆየው የውኃው ብዛት ነው። ሦስቱም ልክ በእጥፍ ሲያድግ ውኃው ስምንት እጥፍ፣ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ስለሚሆን ገንዳው የሚቀዘቅዘው በግማሽ ፍጥነት ነው። በጎኑ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ማልበስም ይረዳል፤ የላዩ ግን አይከደንም።

የሳምፑን ልክ የሚወስነውም ይኸው ነው። ውኃን ከሳምፑ ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ሲቆም ከላይኛው ገንዳ ገጽ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በ120 × 60 ገንዳ ይህ 17 ሊትር ነው፣ በቧንቧው ያለው ሲጨመር ከ20 ያልፋል። ሳምፑ በሥራ ላይ ሳለ 30 ሊትር ባዶ ቦታ ከሌለው መብራት በሄደ ቁጥር ምንጣፍ ይርሳል። የመመለሻው ቧንቧ አፍም ከገጹ ብዙ ከጠለቀ ውኃውን መልሶ ወደ ታች ይስባል፤ አፉ ከገጹ በታች ከ2 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ቀላሉ ፈተና ነው።

ወለልና መቀመጫ

120 × 60 × 50 ገንዳ ሲሞላ ከመስታወቱ፣ ከዐለቱ፣ ከሳምፑና ከመቀመጫው ጋር ከ500 ኪሎ ያልፋል፤ ይህም ባረፈበት ቦታ በካሬ ሜትር 700 ኪሎ አካባቢ ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል ግን በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ታስቦ ይሠራል። መሬት ላይ የተጣለ ሊሾ ያለችግር ይሸከመዋል። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆነ ገንዳው ግድግዳ ጥግ ይዞ፣ ወለሉን የሚሸከሙትን ጎድኖች አቋርጦ መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ ልክ በላይ ከሆነ መሐንዲስ ይይ። የእንጨት ወለል ባለው አሮጌ ቤት ከ90 × 60 × 45 ማለፍ አይመከርም።

መቀመጫው ከ40 በ40 ቱቦላሬ ተበይዶ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፣ ከላዩ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይነጠፍበታል። ችፑድ ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ አይሆንም። በውኃ ልክ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ከገንዳው ሥር ሳይሆን ከመቀመጫው እግር ሥር ይስተካከላል። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ለሚታይ ገንዳ 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ ብቻ ውስጡ ቆሻሻን በአረፋ ለሚያወጣው ማጣሪያ ቁመትና ቆሻሻው የሚጠራቀምበትን ጽዋ ለማውጣት ተጨማሪ 15 ሳንቲ ሜትር ይኑረው። የበሩን ስፋት፣ የደረጃውንም ማጠፊያ ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል፤ 60 ወርድ ያለው በ80 በር ያልፋል፣ ተሸካሚዎቹ ግን ደረጃ ላይ መዞር አለባቸው።

መስታወት ቤት ሲታዘዝ

ለመስታወት ቆራጩ የሚሰጠው የውጭው ልክ ብቻ ከሆነ ስህተት ይመጣል፤ የእያንዳንዱ መስታወት ልክ ውፍረቱና 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሲልከን ክፍተት ተቀንሶ መጻፍ አለበት። የቧንቧ ቀዳዳ ያለበት መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) እንዳይሆን ይነገር፤ ከጠነከረ በኋላ ቢበሳ ይበተናል። ከላይ ዙሪያውን የሚለጠፍ 6 ሳንቲ ሜትር ማጠናከሪያ 10 ሚሊ ሜትሩን መስታወት ከመጎበጥ ይይዘዋል። ሲልከኑ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ ያለበት ዓይነት መሆን የለበትም፤ ፍጥረታቱን ይመርዛል። ሲልከን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ በጎንደር በጋ ይዘገያል፤ በክረምት አንድ ሳምንት የሚበቃው ሥራ በጥር ሁለት ሳምንት ቢሰጠው ይሻላል። ከዚያ በግቢ ውስጥ፣ በራሱ መቀመጫ ላይ፣ በቧንቧ ውኃ ተሞልቶ ሦስት ቀን ይቆያል። መገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ ከተነጠፈ የጠብታ ፍሳሽ እንኳ ወዲያው ይታያል።