ቲርድሮፕ ምንድን ነው? አልጋው ከውስጥ፣ ማዕድ ቤቱ ከውጭ

ዓርብ ማታ ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስታችሁ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ብትነዱ፣ አንዷን ሳታዩ የምትቀሩ አይመስለኝም። ትንሽ የቤት መኪና ከኋላዋ ከእሷም የምታንስ ተሳቢ አስከትላለች። ተሳቢዋ ከፊት ድብልብል ያለች ናት። ወደ ኋላ እየሳሳች ቁልቁል ትወርዳለች። በጎኗ አንድ ትንሽ በር አላት። አገር ቤት ተሳቢ ሲባል የምናውቀው ከጅቡቲ ጭነት ይዞ የሚመጣውን ግዙፍ ነገር ስለሆነ፣ ይህችን ተሳቢ ብሎ መጥራት ትንሽ ይከብዳል። ግን ናት።

ስሟ ቲርድሮፕ ይባላል። የእንባ ዘለላ ማለት ነው። ስሙ የወጣላት ከቅርጿ ነው።

ባጭሩ፣ ቲርድሮፕ መኪና የሚጎትታት አልጋ ናት። ቤት አይደለችም። ይህን አጥብቄ የምለው፣ የሠራናትን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ሽንት ቤት አላት? ውስጧ መቆም ይቻላል?" ብሎ ስለሆነ ነው። የላትም፤ አይቻልም። የውስጧ ከፍታ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። ገብቶ መቀመጥ፣ ማንበብ፣ መተኛት ይቻላል። ሌላው ኑሮ ሁሉ ደጅ ነው።

ማዕድ ቤቱ ከአልጋው ጀርባ ነው፤ የሚከፈተውም ከውጭ ነው። የኋላው ክዳን ልክ እንደ ሚኒባስ የኋላ በር ወደ ላይ ይነሳል። ከሥሩ መደርደሪያ አለ፤ ቡታጋዝ፣ የበረዶ ሣጥን፣ የውሃ ጀሪካን ይቀመጥበታል። የተነሳው ክዳን ለሚያበስለው ሰው ጣሪያ ይሆነዋል። ጠዋት ዝናብ እያካፋ እዚያ ሥር ቆሞ ቡና ማፍላት ምን ያህል ደስ እንደሚል መናገር ይቸግረኛል። ውስጥ የተኛው ሰው ከእንቅልፉ የሚነቃው በቡናው ሽታ ነው።

ቅርጿ ከየት መጣ? በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ነፋስ ሰንጥቆ የሚሄድ ቅርጽ ትልቅ ፋሽን ነበር። ክራይስለር ኤርፍሎው የተባለችውን መኪና ያወጣው በ1934 ነው። ከፊት ክብ፣ ከኋላ ሹል የሆነ ነገር አየርን ሳይረብሽ ያልፋል የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። የሚገርመው፣ እውነተኛ የዝናብ ጠብታ ይህ ቅርጽ የለውም። ትንሹ ጠብታ ድቡልቡል ነው። ትልቁ ደግሞ ከሥሩ ጠፍጠፍ ብሎ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ለማንኛውም ቲርድሮፕን ለመጎተት ቀላል ያደረጋት ከጭራዋ ይልቅ ዝቅ ማለቷ ነው። ቁመቷ ከምትጎትታት መኪና ብዙም ስለማይበልጥ ከመኪናዋ ጀርባ ተሸሽጋ ትሄዳለች።

ያኔ ኑሮ ከባድ ነበር። ሰው የሚዝናናበት ገንዘብ ባይኖረውም መጋዝና መዶሻ ነበረው። የእጅ ሥራ መጽሔቶች ንድፍ ያትሙ ነበር፣ አንባቢው ጓሮው ውስጥ ይሠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከአውሮፕላን ሥራ የተረፈ አሉሚኒየም ገበያ ወጣ። ብዙዎች ተሳቢያቸውን ያለበሱት በሱ ነው። የጦር ጂፕ ጎማና ቸርኬ የገጠሙም ነበሩ። መካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በመስከረም 1947 ያወጣው ንድፍ እስከዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በኋላ መንገዱ ሰፋ፣ ሞተሩ በረታ፣ ሰውም ቆሞ የሚሄድበት ትልቅ ካራቫን አማረው። ቲርድሮፕ ተረሳች። መልሶ ያነሳት ኢንተርኔት ነው። የጓሮ አናጢዎች ተፈላልገው ተገናኙ፤ ንድፍና ፎቶ ተለዋወጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቲርድሮፕን ለመረዳት አንድ ፍሬ ፕላይውድ መሬት ላይ አጋድማችሁ ተመልከቱት። አሜሪካ ውስጥ ፕላይውድ የሚሸጠው 4 ጫማ በ8 ጫማ ሆኖ ነው፤ በእኛ 1.22 በ2.44 ሜትር መሆኑ ነው። ያቺ ተሳቢ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ፕላይውድ የግራ ጎን፣ አንዱ የቀኝ ጎን፣ አንዱ ወለል። ቁመቷ ለምን 4 ጫማ ሆነ? ርዝመቷስ ለምን 8? ፕላይውዱ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ጎኑን ሳትቀጥል ከአንድ ፍሬ ታወጣዋለህ፤ ትርፉ የማዕዘን ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። 4 ጫማ 48 ኢንች ነው። እዚህ ድርብ የሚባለው ፍራሽ 54 ኢንች ነው፤ ኩዊን ደግሞ 60። ሁለት ትልልቅ ሰዎች 48 ኢንች ላይ ሲተኙ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወለሉን 5 ጫማ ያደርገዋል። 5 ጫማ ልክ 60 ኢንች ስለሆነ፣ ጎኖቹ ከወለሉ ውጭ ከታሰሩ ኩዊን ፍራሽ ቁጭ ይላል። ከባልቲክ አገሮች የሚመጣው የበርች ፕላይውድም 5 በ5 ጫማ ሆኖ ይሸጣል። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ጥራቱ ግን ሌላ ነው። ምክር ብትጠይቁኝ 5 ጫማ አድርጉት ነው የምለው። ትንሽ ቢከብድም እንቅልፍ ይገኛል።

እኔና የባለቤቴ ወንድም የሠራነው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ። በጣም የወደድኩት ሥራ ኩርባውን መሳል ነበር። ኮምፓስም ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። ጎኑ የሚያልፍባቸውን ስድስት ሰባት ነጥቦች ትለካለህ። በየነጥቡ ሚስማር ትመታለህ። ከዚያ እንደ አርጩሜ የሚለመጥ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወስደህ በሚስማሮቹ ላይ ታጎብጠዋለህ። ዘንጉ ራሱ መንገዱን ያገኛል። አንድ ሚስማር የተሳሳተ ቦታ ካለ ኩርባው ላይ ጉብታ ይታያል፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ሚስማሩን ትንሽ ታነሳና እንደገና ታያለህ። መስመሩ ሲያምር በእርሳስ ትከተለዋለህ። ሁለቱን ፕላይውዶች ደርበህ አንድ ላይ ከቆረጥክ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናል። ለየብቻ የቆረጠ ሰው ጣሪያ ሲያለብስ ያለቅሳል።

ጎኑ ከ18 ሚሊ ሜትር ወፍራም ፕላይውድ ሊሠራ ይችላል። ቀላል ነው፣ ግን እያንዳንዱ ፍሬ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብርድም አይከላከልም። ሌላው መንገድ ስስ ፕላይውድ ከውስጥና ከውጭ፣ መሐሉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ፎም ነው። ይህኛው ቀለል ይላል፣ ይሞቃል። ሥራው ግን እጥፍ ነው።

ጎኖቹ ከቆሙ በኋላ በመሐላቸው ማገር ይገባል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው፤ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በማገሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ይጎብጣል። እኛ እዚህ ላይ ቸኮልን። ደረቁን ፕላይውድ ከፊት ኩርባ ላይ ስንጫነው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ፕላይውድ በሞቀ ውሃ በራሰ ፎጣ ሸፈንነው። ትንሽ ቆይተን በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ቀስ በቀስ ሳብነው፤ ጥቂት ስበን እንጠብቃለን፣ ጥቂት ስበን እንጠብቃለን። ሌሊቱን ታስሮ አደረ። ጠዋት ቀበቶውን ስንፈታው ኩርባውን ይዞ ቀረ። ከደረቀ በኋላ ኮላ ተቀብቶ በብሎን ይታሰራል። የእንጨቱ መስመር የሚሄድበት አቅጣጫም ወሳኝ ነው፤ ፕላይውድ በአንደኛው ጎኑ ይለመጣል፣ በሌላኛው ግትር ነው። ሳትገዙት በእጃችሁ ሞክሩት።

ከላይ አሉሚኒየም ማልበስ ይቻላል። ገንዘብ የቆጠበ ደግሞ ሸራ በእንጨት ኮላ ይለጥፍና የውጭ ግድግዳ ቀለም ደጋግሞ ይቀባዋል። ሸራው ቀለሙን ጠጥቶ ሲደርቅ አንድ ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተሠሩ አይቻለሁ፤ ጥሩ ናቸው።

የዚህ ሥራ ጠላት ውሃ ነው። ፕላይውድ ፊቱ ሲረጥብ ይችላል፤ ጫፉ ግን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ስለዚህ የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ፣ የብሎን ቀዳዳ ሁሉ፣ የወለሉ ሥር ሁሉ ኢፖክሲ ወይም ሌላ ውሃ የማያሳልፍ ነገር መጠጣት አለበት። ያውም ከመገጣጠሙ በፊት፤ ከተገጠመ በኋላ እጅ አይገባም።

የእኛን የመጀመሪያው ዝናብ ፈተናት። ጠዋት የትራሱ ጥግ ርሷል። ከላዩ ያለውን መጋጠሚያ ሦስት ጊዜ በሲሊኮን ደፈንነው። ምንም! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አናጢ መፍትሔውን አሳየን። አንድ ሰው ባትሪና ጠመኔ ይዞ ውስጥ ይገባል። ሌላው በጎማ ውሃ ይለቃል፤ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉም ቦታ ስለሚርስ የቱ እንደሚያፈስ አታውቅም። ውሃው ሲገባ አየነው። ከትራሱ አንድ ሜትር ርቆ፣ በጣሪያው ጠርዝ አሉሚኒየም ላይ ባለች አንዲት የብሎን ቀዳዳ ነበር። ከዚያ በማገሩ ላይ ተንሸራቶ መጥቶ ነው ትራሱ ላይ የሚንጠባጠበው። ብሎኑን አውጥተን ቡቲል የሚባለውን የሚያጣብቅ ጎማ ከሥሩ አድርገን መለስነው። ሲሊኮኑን መፋቅ ግን ሁለት ቀን ፈጀብን። ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለም አይዝም፣ አዲስ ሲሊኮንም በደንብ አይጣበቅበትም። የጠርዝ ብረት ሥር ቡቲል ተጠቀሙ።

ውሃ ከውስጥም ይመጣል። ሁለት ሰው እንደዚህ ባለች ጠባብ ቦታ ሲያድር ትንፋሹ መስኮቱ ላይ ተንጠባጥቦ ያድራል። ለዚህ ነው ጣሪያው ላይ 14 ኢንች በ14 ኢንች የሆነ መክፈቻ ከነማራገቢያው የሚገጠመው። በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። በብርድም ቢሆን ትንሽ ገርበብ ይበል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ከሰል ይዛችሁ የምትሄዱ ወገኖች፣ ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ። ቡታጋዝም ውስጥ አይለኮስ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ቤተሰብ እንደሚጨርስ ሁላችንም ሰምተናል። ይህቺ ደግሞ ከማንኛውም ክፍል ትጠባለች። የካርቦን ሞኖክሳይድ (ፍምና ቡታጋዝ የሚያወጡት ሽታ የሌለው መርዝ) መጠቆሚያ ግዙና ትራስጌ ስቀሉ።

ከሥር ያለው ሻንሲ ከብረት ነው፤ ባሌስትራና አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) አለው። መበየድ የማይችል ሰው የተዘጋጀ 4 በ8 ጫማ የተሳቢ ሻንሲ ገዝቶ በብሎን ይገጣጥማል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ከሻንሲው ፊት ወጥቶ ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን ረጅም ብረት እኔ ሞፈር ነው የምለው። በሞፈሩ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ከመቶ መሆን አለበት። ተሳቢዋ 500 ኪሎ ከሆነች ከ50 እስከ 75 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ ፍጥነት ሲጨምር ጭራዋን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ትጀምራለች፤ መኪናውን ይዛው ልትገለበጥም ትችላለች።

ቲርድሮፕ ላይ ይህን ማበላሸት ቀላል ነው፤ ማዕድ ቤቱ ከኋላ ነዋ። የበረዶ ሣጥኑ፣ ውሃው፣ ድስቱ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። አክስሉ ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ የሚገባው ለዚህ ነው። መለካቱ ቀላል ነው። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ከሞፈሩ ሥር አስቀምጡ፤ በመሐል ግንድ ቢጤ አድርጋችሁ ሞፈሩ መኪናው ላይ በሚያርፍበት ከፍታ ልክ አሳርፉት። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ይሁን። ባዶዋን የለካ ሰው አልለካም። መኪናችሁ ስንት መጎተት እንደምትችልም መመሪያዋን እዩ። አንዳንድ ትንንሽ መኪናዎች እዚህ አገር ጭራሽ መጎተት አይፈቀድላቸውም።

የመጨረሻው ታርጋ ነው። ቤት የተሠራ ተሳቢ አሜሪካ ውስጥ ይመዘገባል፤ አሠራሩ እንደየስቴቱ ይለያያል። የእንጨቱንም የብረቱንም ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አንድ ፖስታ ውስጥ ሰብስቡ፤ እየሠራችሁም ፎቶ አንሱ። ተገዝቶ የመጣ ሻንሲ የራሱ ቁጥር ስላለው ነገሩን ያቀልላችኋል። የፍሬንና የፍሬቻ መብራቶቹን ከመኪናው ጋር አያይዛችሁ ማታ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይያቸው። ታርጋውን የምታበራዋን ትንሽ አምፖልም አትርሱ፤ ሽቦዋ ክዳኑ ሥር ስለሚያልፍ ጣሪያው ከመልበሱ በፊት መዘርጋት አለባት።