የበጀት ዝውውር ምንድን ነው? ጦርነት ሲመጣስ ወሰኑ የት ላይ ነው?

የበጀት ዝውውር ማለት ምክር ቤት ለአንድ ሥራ ያጸደቀውን ገንዘብ በበጀት ዓመቱ መሐል ወደ ሌላ ሥራ ማዞር ነው። አዲስ ገንዘብ አይገባም፣ ጠቅላላ ድምሩም አይለወጥም። አዲስ ገንዘብ ከገባ ስሙ ተጨማሪ በጀት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 561.7 ቢሊዮን ብር በነበረው የዓመቱ በጀት ላይ 122 ቢሊዮን ብር ሲጨምር ያደረገው ይህንን ነበር። ወረዳ እንዲህ ያለ አቅም እምብዛም የለውም። ገቢው በአብዛኛው ከክልል የሚመጣ ድጎማ ነው፤ የድጎማው ትልቁ ድርሻም ደመወዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እንደ ሐብሩ ወይም ተሁለደሬ ባለ የወሎ ወረዳ ላይ ድንገተኛ ወጪ ሲመጣ አስተዳደሩ መጀመሪያ የሚያየው፣ ከተያዘው በጀት የትኛው ሊቀነስ እንደሚችል ነው።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ጠላት በር ላይ ቆሞ የሴቶች ሥልጠና፣ የአካል ጉዳተኞች መወጣጫ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚባዛ መጽሐፍ ምን ይሠራል? ሁሉም ወደ ጸጥታ ይዙር» ይላል። ሌላው «ችግር በመጣ ቁጥር ከእነዚሁ ላይ ብቻ የሚቀነስ ከሆነ፣ በሰላም ጊዜ የጻፍነው እኩልነት ወረቀት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከልባቸው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ ወሎ ደግሞ የሰሜኑን ጦርነት በወሬ አላወቀውም። ወልድያ በነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ተይዘው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ቆይተዋል። ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ የሂሳብ ሰነዶች ጠፍተዋል፣ ሆስፒታሎች ባዷቸውን ቀርተዋል። ይሁንና ክርክሩ ብዙ ጊዜ በስሜት ተጀምሮ በስሜት የሚያልቀው የዝውውሩን ሕግ የሚያነሳ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው ምክር ቤት ያለው የትኛው አስተዳደር እንደሆነ ነው። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ዞኖች የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም፤ የአማራ ክልል አስተዳደር ቅርንጫፎች ናቸው። የዞን መምሪያ ያወጣውን ገንዘብ መጠየቅ የሚችለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት ግን የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር (መቀመጫው ከሚሴ) እና ቀድሞ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው ዋግ ኽምራ (መቀመጫው ሰቆጣ) የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው። ወረዳዎችና የከተማ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የተሳሳተ ቦታ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ በወሎ ብዙ ቅሬታ ዞን ላይ ደርሶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በጀቱ ራሱ በመደብ፣ ማለትም የወጪውን ዓይነት በሚለይ የሂሳብ ቁጥር፣ የተከፋፈለ ነው። 6100 ለሠራተኛ የሚከፈለው ነው። 6200 ዕቃና አገልግሎት ነው፤ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል፣ 6213 ኅትመት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። 6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ 6400 ድጎማና ሌሎች ክፍያዎች ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ መደበኛ (የዕለት ተዕለት ሥራ ወጪ) እና ካፒታል (እንደ ግንባታ ያለ ዘላቂ ሥራ ወጪ) የሚባል ትልቅ ክፍፍል አለ። በአገሪቱ የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር የቆየው መርህ ከመደበኛ ወደ ካፒታል ማዛወር እንደሚቻል፣ ከካፒታል ወደ መደበኛ ግን እንደማይቻል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ የነበረ ገንዘብ አበል ሆኖ ከተበላ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡን የሚፈልገው ጽሕፈት ቤት ከየትኛው መደብ ወደ የትኛው መደብ፣ ስንት ብር፣ ለምን እንደሆነ ጠቅሶ በኃላፊው ፊርማ ይጽፋል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በአይቤክስ፣ ማለትም በመንግሥት የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር፣ ቀሪውን ያጣራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቀሪ ማለት ያልተከፈለው ሁሉ አይደለም፣ ውል የተገባበትም ይቀነሳል። ለምሳሌ ለኅትመት 240,000 ብር ተይዞ 60,000 ብር ተከፍሎ፣ ለ90,000 ብር ደግሞ ከማተሚያ ቤት ጋር ውል ተፈርሞ ከሆነ፣ ሊዛወር የሚችለው 180,000 ሳይሆን 90,000 ብር ብቻ ነው። ውሉን ሳያዩ 180,000 ያዛወሩ እንደሆነ በሰኔ ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ የሚከፈለው ያጣል፤ ዕዳውም በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ካቢኔው ያያል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአንድ መደብ ወደ ሌላ የሚደረግ ትንሽ ዝውውር እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የሥራ ዓላማ የሚለውጥ ዝውውር ግን፣ በተለይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነ፣ ወደ ምክር ቤቱ መመለስ አለበት። የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴው መርምሮ ሐሳቡን ያቀርባል፣ አፈ ጉባኤው አጀንዳ ያስይዛል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ብዙ የሚበላሸው «አስቸኳይ ነው» ተብሎ መጀመሪያ ገንዘቡ ወጥቶ ምክር ቤቱ ከወራት በኋላ ሲጠራ ነው። ምክር ቤት ያለቀለትን ወጪ መቃወም ይከብደዋል፤ የወጣውን ማን ይመልሳል? ሁለተኛው ችግር በድምር መደበቅ ነው። «ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች» ተብሎ የቀረበ ዝውውር ሲዘረዘር አብዛኛው ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የተወሰደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸው ትንሽ ነው፣ ብዙውም ሥልጠናና ጉዞ ስለሆነ ውል አይገባበትም፤ ለመቀነስ ይቀላሉ። ስለዚህ የምክር ቤት አባል የሚጠይቀው ሰንጠረዥ አራት ዓምድ ይኑረው፦ የጸደቀው፣ የተከፈለውና ውል የተገባበት፣ የሚቀነሰው፣ የሚቀነሰው ከጸደቀው በመቶኛ ስንት እንደሆነ። የመንገድ ጽሕፈት ቤት 5 በመቶ ሲያጣ የሴቶች ጽሕፈት ቤት 60 በመቶ ካጣ ዓምዱ ራሱ ይናገራል።

በጦርነት ጊዜም የማይነካው መርህ እዚሁ ላይ ይገባል። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጥቅምት 23 ቀን 2014 ታውጆ የካቲት 8 ቀን ተነስቷል፤ በአማራ ክልል ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ሌላ ታውጇል። በሁለቱም ጊዜ «አዋጅ አለ» የሚለው ቃል የምክር ቤት ጥያቄ ማስቆሚያ ሲሆን ተሰምቷል። የፌዴራል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ግን አዋጅም ቢኖር የማይነኩትን ይዘረዝራል፦ አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25፣ እንዲሁም የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 25 በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በሌላም አቋም ልዩነት ሳይደረግ የእኩልነት መብት ነው። አንቀጽ 39(2) በራስ ቋንቋ የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋን የማሳደግ መብት ነው። ለሴቶች የሚደረገውን ድጋፍ የሚደነግገው አንቀጽ 35(3) በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ የለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ስለዚህ የሴቶች ሥልጠና በጦርነት ጊዜ ፈጽሞ አይቀነስም ማለት አይቻልም። ባቲ ላይ የአፋን ኦሮሞ ማስተማሪያ ማባዣ ብቻ ተለይቶ ወደ ዜሮ ሲወርድ የአማርኛው ሳይነካ ከቀረ ግን፣ ጉዳዩ የቁጠባ ሳይሆን የአንቀጽ 25 ጉዳይ ይሆናል። ሁሉም በተመጣጣኝ ቢቀነስ ማንም ሊቀበለው የሚገባ ነው፤ ተለይቶ የሚቀነስን ግን አዋጅ አይሸፍነውም።

ሌላው የሚዘነጋ አንቀጽ 94 ነው። የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች የየራሳቸውን ሥራ ወጪ ይሸፍናሉ፤ በውክልና የተሰጠ ሥራ ወጪ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ የወካዩ ነው። አገር መከላከል በአንቀጽ 51 የፌዴራል ሥራ ነው። ወረዳ ለሠራዊት ነዳጅ ወይም ቀለብ ካወጣ፣ ውሳኔው ላይ «እንዲተካ የሚጠየቅ» የሚል ቃል ከነሰነዱ መግባት አለበት። ያለ ሰነድ የተሰጠ ነዳጅ የሚተካ የለውም።

ገንዘቡ የት እንደሚውልም መርህ አለው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሰብልን፣ ከብትንና የመጠጥ ውኃ ተቋምን ማጥቃት ይከለክላል፤ ሕፃናት ትምህርት እንዲያገኙም ያዝዛል። ከትምህርት ቤት ጥገና መደብ ላይ ተወስዶ ክፍሎቹን የታጣቂ ማደሪያ ለማድረግ የሚከፈል ገንዘብ ሕንፃውን ከለላ ያሳጣዋል፤ ልጆቹም የሚማሩበት ያጣሉ። እንዲህ ዓይነቱን ዝውውር ምክር ቤት በጸጥታ ስም ሊያጸድቀው አይገባም።

መዋጮ ሌላ ነገር ነው። በህልውና ዘመቻው ጊዜ ገንዘብ፣ ሰንጋ፣ ዱቄትና በሶ በየቀበሌውና በየቅሬው (በወሎ የዕድር ስም ነው) ተሰብስቧል። ይህ ዝውውር አይደለም፣ በጀትም አይደለም፤ ነገር ግን የሕዝብ ሀብት ነው። ጥሬ ገንዘብ በሞዴል 64 ደረሰኝ፣ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ መሆን አለበት። በደብተር ብቻ የተመዘገበ መዋጮ ጸሐፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፤ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠውም የሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ዝውውሩ ከጸደቀ በኋላ የተሻሻለው በጀት መጀመሪያ በተለጠፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ ከሚሴ ላይ በአፋን ኦሮሞ ጭምር ይለጠፋል። ለጸጥታ የተዛወረው ገንዘብ ሳያልቅ ሁኔታው ከተረጋጋ፣ ትርፉ ወደተወሰደበት መሥሪያ ቤት እንዲመለስ ውሳኔው ላይ ከነጊዜው መጻፍ ይቻላል። ይህ ካልተጻፈ ቀሪው የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰኔ 30 ከሌላው ቀሪ ሂሳብ ጋር ይደባለቃል፤ በሐምሌ የሴቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ገንዘቤ የት ሄደ ብትል የምታሳየው ወረቀት አይኖራትም።