ያገለገለ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለበጎ አድራጎት መስጠት፦ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪና ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት የተለመደ ነው። ሬዲዮ ስትከፍቱ ማስታወቂያው አይጠፋም፦ ደውሉ፣ መጥተን እንወስዳለን፣ ታክሳችሁ ይቀንሳል። ይህ ማስታወቂያ የተሠራው ግን ጓሮ ቆሞ ለዛገ መኪና ነው። በ2021 እና በ2022 ገበያ የገቡት ኤሌክትሪክ ፒክአፖች፣ እነ ሪቪያን አር1ቲና ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ፣ አሁን ሁለተኛ እጅ ሆነዋል። ብዙዎቹ ዛሬም በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። ለዛገ መኪና ብዙም የማይጎዳ ወሬ እዚህ ላይ ኪስ ይነካል።

«የመኪናውን ዋጋ በሙሉ አስቀንሳለሁ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከ2005 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ታክስ ከሚጣልበት ገቢያችሁ ላይ ከ500 ዶላር በላይ ልታስቀንሱ ከሆነና ድርጅቱ መኪናውን ከሸጠው፣ የሚያዝላችሁ የተሸጠበት ዋጋ ብቻ ነው። የመኪና ዋጋ የሚገምተው ኬሊ ብሉ ቡክ 38,000 ዶላር ቢልም ጨረታ ላይ 27,000 ካወጣ፣ የእናንተ ቁጥር 27,000 ነው። ድርጅቱ በሸጠው በ30 ቀን ውስጥ 1098-ሲ የሚባለውን ፎርም ለእናንተ መላክ አለበት። ያለሱ አታስቀንሱም።

ሙሉው የገበያ ዋጋ የሚያዝባቸው ሁኔታዎች አሉ። ድርጅቱ ራሱ በደንብ ከሠራበት፣ ለምሳሌ ለአቅመ ደካሞች ምግብ ካመላለሰበት። ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ትልቅ ጥገና ካደረገለት፤ ማጠብና መወልወል አይቆጠርም። ወይም ለችግረኛ በነጻ ወይም ከገበያው በጣም ባነሰ ዋጋ ከሰጠው። እንዲህ ሲሆንና የምታስቀንሱት ከ5,000 ዶላር ሲበልጥ ግን ብቃት ያለው ገማች የጻፈው ግምት ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ገና ስትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ልትሸጡት ነው ወይስ ልትሠሩበት?

«27,000 አስቀነስኩ ማለት 27,000 ዶላር ተመለሰልኝ ማለት ነው»

አይደለም። የሚቀነሰው ታክስ የሚጣልበት ገቢ ነው። እሱም ቢሆን ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን (ሳትዘረዝሩ የሚፈቀድላችሁን የተወሰነ ቅናሽ) ትታችሁ ወጪያችሁን አንድ በአንድ ከዘረዘራችሁ ብቻ ነው። በ2026 ታክስ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት ስታንዳርዱ 32,200 ዶላር ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ከገቢያችሁ 0.5 በመቶ የሚሆነው ልገሳ አይታሰብም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ባልና ሚስቱ በዓመት 150,000 ያገኛሉ እንበል። የቤት ብድር ወለድና የስቴት ታክስ ተደምሮ 12,000 አላቸው። ፒክአፑ 27,000 ተሸጠ። ከልገሳው 750 ይወጣል፣ ድምሩ 38,250 ይሆናል። ስታንዳርዱን የሚበልጠው በ6,050 ነው። በሚከፍሉበት የታክስ መጠን፣ በ22 በመቶ፣ ስታሰሉት ከፌዴራል ታክስ የዳነው 1,331 ዶላር። የ27,000 ዶላር መኪና ሰጥታችሁ ማለት ነው! መስጠት የፈለገ ይስጥ፣ ያስመሰግናል። ለታክስ ብሎ የሚሰጥ ግን ከወዲሁ ይህን ሂሳብ ይሥራ።

«ፒክአፑ በቢዝነሴ ስም ነው፣ ስለዚህ ሁለቴ እጠቀማለሁ»

የኮንስትራክሽንና የጽዳት ሥራ ያላቸው ወገኖች ይህን ልብ ይበሉ። ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከባድ ነው። ከነሙሉ ጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት ከ6,000 ፓውንድ ስለሚያልፍ፣ ብዙዎች ዋጋውን በገዙበት ዓመት በወጪነት አስቀንሰውታል። እንዲህ የተደረገን መኪና ብትሸጡት ገንዘቡ እንደ ገቢ ይታሰብባችኋል። ብትለግሱት ደግሞ ያው መጠን ከልገሳው ላይ ይቀነሳል። ሙሉ ዋጋው ቀድሞ ከተቀነሰ የቀረላችሁ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት አካውንታንታችሁን ጠይቁ።

«ገንዘቡ በሙሉ ድርጅቱ ጋር ይደርሳል»

አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚያነሳውና የሚሸጠው መሐል ያለ ኩባንያ ነው። የመጎተቻውን፣ የጨረታውንና የራሱን ድርሻ ያነሳል፤ ድርጅቱ ቀሪውን ያገኛል። የሚገርመው፣ 1098-ሲ ላይ የሚጻፍላችሁ ወጪው ሳይነሳለት ያለው ዋጋ ነው። ስለዚህ ወረቀታችሁን አይታችሁ ድርጅቱ ምን ያህል እንደደረሰው አታውቁም። ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የግል መኪና ሆኖ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ራሳችሁ ሸጣችሁ ገንዘቡን መስጠት ይሻላል። 33,000 ከሸጣችሁት ድርጅቱ 33,000 ያገኛል፣ ለእናንተም በልገሳነት የሚያዝላችሁ ያው ነው።

«ባትሪው አርጅቷል፣ ማን ይቀበለኛል?»

የላይትኒንግ ባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። የአር1ቲ እንደ ባትሪው ዓይነት እስከ 175,000 ማይል ይደርሳል። አቅሙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ኩባንያው ኃላፊነት አለበት፤ ዋስትናውም ለቀጣዩ ባለቤት ያልፋል። ጎርፍ የገባበት ከሆነ ግን ደብቃችሁ አትስጡ። በ2022 ከሀሪኬን ኢያን በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ የባሕር ውሃ የነካቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ቆይተው እሳት አስነስተዋል። የሚያነሳው ሰውም አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ የሚጫንበት ፍላትቤድ ይዞ ይምጣ። ጎማው እየዞረ ከተጎተተ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል።

«ለእድራችን ወይም አገር ቤት ላለ ድርጅት ብሰጥም ያው ነው»

ለመስጠት ያው ነው፣ ለታክስ ግን አይደለም። ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ሕግ 501ሲ3፣ ማለትም ከታክስ ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ መሆን አለበት። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ድረ ገጽ ላይ ስሙን መፈለግ ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግን ዝርዝሩ ላይ ባይኖሩም ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ። እድር ለአባላቱ የሚረዳዳ ማኅበር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አይገባም። ኢትዮጵያ ያለ ድርጅት በቀጥታ ብትሰጡት አይቀነስም። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች «ለምን አልልከውም?» የሚል አለ። እዚያ ያለው አብዛኛው ኤሌክትሪክ መኪና ግን የቻይና ነው፣ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያውም ከአሜሪካው አይገጥምም።

«ቁልፉን ሰጠሁ፣ አለቀ»

አላለቀም። መጀመሪያ ዕዳ ያለበት መኪና አይለገስም፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ንጹሕ ይሁን። ሊዝ ከሆነማ መኪናውም የእናንተ አይደለም። ቀጥሎ የመኪናውን ኮምፒውተር ሲስተም ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሱት። የቤታችሁ አድራሻ፣ የጋራዡ መክፈቻና የስልካችሁ ስሞች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ከስልካችሁ አፕ ላይም መኪናውን አውጡት፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ሰክቶ ሲሞላ ሂሳቡ ከእናንተ ካርድ ሊቆረጥ ይችላል። ሜሪላንድ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ታርጋውን ለስቴቱ የመኪና መሥሪያ ቤት፣ ለኤምቪኤ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ኢንሹራንሱን አትሰርዙ፣ ቅጣቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።