«ከመልካም ሽቱ መልካም ስም» ሲባል ሽቶ አትቀባ ማለት ነው እንዴ?

አያቴ ይህችን አባባል የምታወጣት ሽቶ ሳበዛ ብቻ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ ከቤት ስወጣ አንገቴ ላይ፣ ሸሚዜ ላይ፣ ካልሲዬ ላይ ሳይቀር እረጨዋለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ታስነጥሳለች። ከዚያ «ከመልካም ሽቱ መልካም ስም ይሻላል፣ ልጄ» ትለኛለች። እኔም ሽቶ ተው እያለችኝ ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት እንደዛ ነው የገባኝ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። አባባሉ የወጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ መክብብ ምዕራፍ 7 ቁጥር 1። ብዙዎቻችን የምናውቀው የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ «ከመወለድ ቀን የሞት ቀን ይሻላል» ይላል፤ እሱን ማንም ለልጁ አይመርቅበትም መሰለኝ፣ ለዛ ይሆናል የተረሳው። ሁለቱ ግን አብረው ነው የሚሄዱት። ሰው ሲወለድ የሚሰጠው ስም ገና ባዶ ነው። ሞልቶ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው።

በዕብራይስጡ ደግሞ ጨዋታ አለው። ስም «ሼም» ነው፣ ዘይት «ሼሜን» ነው። «ቶቭ ሼም ሚሼሜን ቶቭ» ይላል። በ«መልካም» ጀምሮ በ«መልካም» ያልቃል፣ መሃል ላይ ሼምና ሼሜን ይላተማሉ። አማርኛው ላይ ይሄ የድምፅ ጨዋታ ጠፍቷል። ሁለቱ «መልካም» ግን ተርፈዋል፣ ምላስ ላይ የሚቀመጠውም ለዛ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘይት ነው ያለው። ያኔ ሽቶ እንደ ዛሬው በአልኮል አይሰራም። ቅመሙ፣ ሥሩ፣ ቅጠሉ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ሽታውን ይለቃል፣ ከዚያ ሰውነት ይቀቡታል። አሁን ይሄን ሳስብ አያቴ ትዝ ትለኛለች። አደሱን ወቅጣ ከቅቤ ጋር ለውሳ ጸጉሯን የምትቀባው ነገር እኔ ከምረጨው ጠርሙስ ይልቅ ለጥቅሱ ይቀርባል። መካሪዬ ራሷ ሽቱ ተቀብታ ነበር የምትመክረኝ!

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ማርቆስ ምዕራፍ 14 ላይ ያለችው ሴት ብልቃጥ ሰብራ ኢየሱስ ራስ ላይ ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቱ ከ300 ዲናር በላይ ይሸጥ ነበር ተብሏል። ያኔ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። የዓመት ደመወዝ ሊሞላ ምንም አልቀረው! የሚገርመው ማርቆስ ስሟን አይነግረንም። ሽቱው በዚያው ቀን አለቀ፣ የሠራችው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። እኛም አገር ስንት ሴት ልጅ ናርዶስ ተብላ ትጠራለች።

እና ጥቅሱ ሽቱን እያጣጣለ አይደለም። የመክብብ ጸሐፊ በጊዜው ከሚያውቀው ውድና ደስ የሚል ነገር አንዱን መርጦ፣ ስም ከዚህም ይበልጣል ነው የሚለው። ሽቱ የሚጠላ ነገር ቢሆን ማወዳደሪያ አይሆንም ነበር። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ የሞቱ ዝንቦች የተቀመመ ሽቱን ያበላሻሉ ይላል። አንዲት ዝንብ ሙሉ ብልቃጥ። ስም እንዴት እንደሚበላሽ ከዚህ የተሻለ ሲነገር አልሰማሁም።

ይሄ ሁሉ የገባኝ በቅርቡ ለአጎቴ ሽቶ ልገዛ መርካቶ የገባሁ ቀን ነው። ሻጯ ዋጋ ከመናገሯ በፊት «ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአጎቴ።»

«ፀባያቸው እንዴት ነው?»

«ፀባያቸው?»

«አዎ ወንድሜ። ገና ሲገቡ ቤቱን የሚሞሉ ናቸው ወይስ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ?»

ሳቄ መጣ። ግን ጥያቄው ልክ ነው። አጎቴ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ መግባቱን ማንም አያይም፣ ሲወጣ ግን ወንበሩ ተደርድሯል፣ ድንኳኑ ተጣጥፏል። የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ከሆነ ስንት ዘመኑ። አንድ ጊዜ እሱ ሰፈር ቧንቧ ልገዛ ገብቼ ብር አጠረኝ። ባለሱቁ ትኩር ብሎ አየኝና «የእሳቸው ወንድም ልጅ አይደለህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ውሰደው፣ ሲመችህ ታመጣለህ» አለኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። አጎቴ እቤቱ ተኝቶ እኔ በእሱ ስም ዕቃ ተሸክሜ ወጣሁ። የአያቴ አባባል በተግባር ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው።

ለሻጯ ይሄን ባጭሩ ነገርኳት። ዑዱን፣ ያንን ከእንጨት የሚወጣውን ከባድ ሽቶ፣ ወደ ጎን ገፋችው። «እሳቸው ቅጠል ቅጠል የሚል ነው የሚሆናቸው» ብላ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ከፈተች። ጠጅ ሳር! የበዓል ዋዜማ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ አሪቲ ከጠጅ ሳር ጋር ታስሮ ከገበያ የገባ ዕለት ያለው ሽታ። ከሥሩ ትንሽ በሶብላ የመሰለ ነገር አለው። አፍንጫዬ ሳይሆን ልጅነቴ ነው ያሸተተው።

እውነት ለመናገር የቅጠል ሽታ ለሁሉም አይሆንም። ከሩቅ ልታይ ለሚል ሰው አይመጥንም። የሎሚና የጠጅ ሳር ሽታን የሚሸከመው ነገር ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይተናል፤ ጠዋት የረጨኸው እስከ ምሳ ላይቆይ ይችላል። ለዛ ነው ሽቶ ሰሪዎች ከሥሩ ከበድ ያለ ነገር የሚጨምሩበት። አገራችን ከጥርኝ እያወጣች ለዘመናት ወደ ውጭ ስትልከው የኖረችው ዝባድም ሥራው ይሄው ነበር፣ የሌላውን ሽታ ይዞ ማቆየት።

ለእኔ ግን ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ፀባይ ምሳሌ ጤና አዳም ነው። ጓሮ ቆሞ ዝም ነው። አልፈኸው ትሄዳለህ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ሸርከት ስታደርገው ግን ሽታው ይወጣል፣ ቡናህ ላይ ጣል ስታደርገው ቤቱን ያውደዋል። ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብታዩት ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ የዘይት ከረጢቶች ናቸው፣ ሲታሹ ነው የሚፈነዱት። ደግሞ የዋህ መስሏችሁ አትናቁት፤ ጭማቂው ቆዳችሁን ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ እስከመቋጠር ያደርሳል። አጎቴም እንደዛው ነው። የእድር ብር ላይ ቀልድ አያውቅም።

ገዛሁት። ከዑዱ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። ለማታ አደረስኩለት፣ ከፍቶ አሸተተው፣ ፊቱ ፈታ አለ፣ «ተባረክ» አለኝ።

ማግስቱን ጠዋት ደወለ።

«አንተ፣ ይሄ ያመጣህልኝ ነገር ጠጅ ሳር አይደል?»

«አዎ፣ ሽታው እሱ ነው።»

«እንግዲያ ሻይ ላይ ጠብ ማድረግ ይቻላል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሽቶ እኮ ነው!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ፣ ሚስቴ እንዳትጠጣው ልንገራት» ብሎ ስልኩን ዘጋ።