አውሮፕላን መሬት ላይ ሲሄድ፦ ታክሲ፣ ሬዲዮና ጥንቃቄ

አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ ቆሟል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ የምድር ሠራተኛ ከአፍንጫው ራቅ ብሎ ይቆማል። እጁን ከፍ አድርጎ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ትንሽ ብረት ለካፒቴኑ ያሳያል። አውሮፕላኑ ሲገፋ የፊት ጎማው እንደልብ እንዲዞር፣ መሪውን ከጎማው ለይቶ የሚያቆየው ፒን ነው። «ነቅዬዋለሁ፣ መሪው አሁን የእርስዎ ነው» ማለቱ ነው። ካፒቴኑም ከላይ እጁን ያነሳለታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ታክሲ ይባላል። አውሮፕላኑ በራሱ ሞተር ከመቆሚያው እስከ ማኮብኮቢያው፣ ካረፈ በኋላም ከማኮብኮቢያው እስከ መቆሚያው የሚሄደው ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይሄን ሰዓት እንደ በረራ አንቆጥረውም። ስልክ እንነካካለን፣ ሰው እንሰናበታለን። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አብራሪዎች ግን በሥራ ተወጥረዋል።

በትልልቅ ኤርፖርቶች ነገሩ ውስብስብ ነው። የኒውዮርኩ ኬኔዲ 4 ማኮብኮቢያዎች አሉት። የቺካጎው ኦሄር 8 አለው። ወደ አንዱ ለመድረስ ሌላውን ማቋረጥ ግድ ሊሆን ይችላል። ወደ ማኮብኮቢያዎቹ የሚወስዱት መንገዶች፣ ታክሲዌይ የሚባሉት፣ በፊደል ይጠራሉ፦ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ ይቀጥላል። አይ እና ኦ የሚባሉት የላቲን ፊደሎች ግን ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ አይገቡበትም።

አውሮፕላኖቹን በሬዲዮ የሚመራው ተቆጣጣሪ መንገዱን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። በዚህ ሂድ፣ እዚያ ታጠፍ፣ ከዚህኛው ማኮብኮቢያ በፊት ቁም። ብዙ ጊዜ ረዳት አብራሪው በወረቀት ይጽፍና የሰማውን መልሶ ይደግማል። እኛም ቤት ልጅ ጎረቤት ሲላክ «ምን አልኩህ? እስቲ ድገምልኝ» ይባል የለ? ያው እሱ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ የስህተት ዋጋ በሽንኩርት ፈንታ ድንች ይዞ መምጣት ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪውም የተደገመለትን አዳምጦ ስህተት ካለ ማረም አለበት። በተለይ «ከማኮብኮቢያው በፊት ቁም» የሚለው ትእዛዝ ሳይደገም አይታለፍም። አሜሪካ ውስጥ ከ2010 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሚቋረጠው ለእያንዳንዱ ማኮብኮቢያ ለየብቻ ፈቃድ ይሰጣል።

መሬቱም ራሱ ይናገራል። የታክሲዌዩ ጠርዝ ሰማያዊ መብራት አለው፣ መሃሉ አረንጓዴ። ቀይ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከታየ ከፊት ማኮብኮቢያ አለ ማለት ነው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ አራት ቢጫ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ሁለቱ ያልተቆራረጡ፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ባልተቆራረጡት በኩል የመጣ አብራሪ ያለፈቃድ አያልፍም። ቀን ላይ ይሄ ሁሉ ግልጽ ነው። ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም ሌሊት ሲሆን ግን የሚቀረው በአብዛኛው ድምፅ ነው።

ድምፅ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ዓለም የተማረው መጋቢት 27 ቀን 1977 ነው። በስፔን ግራን ካናሪያ ደሴት ኤርፖርት ቦምብ ፈንድቶ በረራዎች ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ተነሪፍ ተላኩ። ትንሹ የሎስ ሮዴዮስ ኤርፖርት ተጨናነቀ። ታክሲዌዩ በቆሙ አውሮፕላኖች ስለተዘጋ፣ ሁለት ቦይንግ 747ዎች በዚያው በማኮብኮቢያው ላይ ታክሲ አደረጉ። ጭጋጉ ወፍራም ነበር። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ጫፍ ደርሶ ዞረ። የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም ገና መሃል ላይ ነበር።

የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚል ነገር ተናገረ። ለመነሳት ዝግጁ ነን ማለት ይሁን፣ እየተነሳን ነው ማለት ይሁን አይለይም። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» ብሎ ትንሽ ዘገየና «ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም «ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» ብሎ ገባ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ። ኬኤልኤም ጋ የደረሰው «ኦኬ» የምትለው ቃልና የሬዲዮ ጩኸት ነበር። ከአብራሪዎቹ ጋር የነበረው የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ጠርጥሮ «ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ «ወጥቷል» አለ። መሐንዲሱም ዝም አለ። 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ አልደረሰም።

ያ ዝምታ ሁሌም ያሳስበኛል። ካፒቴኑ በኩባንያው የታወቀ አሠልጣኝ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ በ747 ፈትኖ ያሳለፈውም እሱ ነው። አስተማሪህን «ቆይ፣ ተሳስተሃል» ማለት የትም አገር ይከብዳል። ታላቅን ማክበር ከእናት ጡት ጋር ለጠባን ለእኛማ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል። ከዚያ አደጋ በኋላ የመጣው የጋራ ሥራ ሥልጠና ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ ታናሹ የጠረጠረውን ደግሞ ደጋግሞ ይናገር፣ ታላቁም ይስማ። የሬዲዮ ቃላቱም ጠበቁ። በእንግሊዝኛ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል አሁን የሚነገረው የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ «ዲፓርቸር» ይባላል።

ሌላው ሕግ ስለ ወሬ ነው። አሜሪካ በ1981 ባወጣችው ደንብ መሠረት ከ10,000 ጫማ ከፍታ በታች ለአብራሪዎች ከሥራ ውጪ የሆነ ጨዋታ አይፈቀድም። ታክሲም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ደንቡ እያለም በ2006 በኬንተኪ ሌክሲንግተን የአንድ አነስተኛ ጄት አብራሪዎች በታክሲ ሰዓት ከሥራ ውጪ ሲጨዋወቱ ነበር። ንጋት ሳይቀድ ወደ ተሳሳተው አጭር ማኮብኮቢያ ገቡ። ከተሳፈሩት 50 ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

ጥር 13 ቀን 2023 ኬኔዲ ላይ የሆነው ደግሞ መጨረሻው ያማረ ነው። ወደ ለንደን የሚሄድ የአሜሪካን አየር መንገድ 777 ተሳስቶ ሌላ ማኮብኮቢያ አቋረጠ። የዴልታ 737 በዚያው ላይ ለመነሳት እየተንደረደረ ነበር። የማማው ተቆጣጣሪ ወዲያው የመነሳት ፈቃዱን ሰረዘ። ዴልታ ፍሬን ይዞ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። የአንድ ሰው ንቁ ዓይንና ፈጣን ቃል አዳነ።

ከኋላ ያሉት አስተናጋጆችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። መታጠቂያቸውን አስረው በሐሳባቸው ልምምድ ያደርጋሉ፦ አሁን የሆነ ነገር ቢፈጠር በየትኛው በር ላስወጣ? ውጭው እሳት ቢሆንስ? ለዚህ ነው አውሮፕላን ገና ታክሲ እያደረገ ሻንጣ ለማውረድ ብድግ ሲባል የሚከፋኝ። ቦሌ ስንደርስ ይሄ በጣም ይታያል። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ እኔም ናፍቆኝ ነው የመጣሁት። ግን ድንገት ፍሬን ሲያዝ የቆመ ሰው ይወድቃል፤ ሻንጣውም በሌላው ላይ።

ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ ሁሉም ነገር ተፈተነ። አንዲት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አነስተኛ አውሮፕላን በጃፓን ኖቶ ለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ልታደርስ ታክሲ እያደረገች ነበር። ተቆጣጣሪው «ቁጥር 1» ብሎ፣ ከማኮብኮቢያው በፊት ወዳለው መቆሚያ እንድትሄድ አዘዘ። አብራሪዎቹ በትክክል ደገሙ። ካፒቴኑ ግን መግባት የተፈቀደለት መሰለው። ማኮብኮቢያው ላይ ገብታ ለ40 ሰከንድ ያህል ቆመች። 379 ሰዎች የያዘ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ላይዋ አረፈ። ከትንሿ አውሮፕላን 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ካፒቴኑ ብቻ ተረፈ። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ተቆጣጣሪዎች «ቁጥር 1» ማለታቸውን እንዲያቆሙ ተደረገ።

ኤ350ው እየነደደ ቆመ። የድምፅ ማጉያው አልሠራም። አስተናጋጆቹ ሜጋፎን ይዘው፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ እየጮኹ ሰዉን አረጋጉ። ከ8 በሮች ደህና የነበሩት 3 ብቻ ናቸው። የትኛውን መክፈት እንደሚቻል በመስኮት እሳቱን አይተው ወሰኑ። ሻንጣ ይዞ ለመውጣት የታገለ እምብዛም አልነበረም። ካፒቴኑ ወንበር በወንበር እየፈተሸ ወደ ኋላ ሄደ። የቀረ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ አውሮፕላኑ ካረፈ ከ18 ደቂቃ ያህል በኋላ፣ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ወረደ። 379ኙም ወጥተው ነበር።