በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚደረግ የረጅም ርቀት የቡድን ብስክሌት ጉዞ

የረጅም ርቀት የቡድን ብስክሌት ጉዞ አንደኛና ሁለተኛ የማይለይበት፣ ብስክሌተኞች አብረው ወጥተው አብረው የሚመለሱበት የሙሉ ቀን ጉዞ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ውድድር ግን የሚለካው በፊተኛው ሲሆን፣ የቡድን ጉዞ የሚለካው በኋለኛው ብስክሌተኛ አቅም ነው።

ሰንዳፋ፣ ሆለታና ቢሾፍቱ እያንዳንዳቸው ከመዲናዋ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በአሮጌው መንገድ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው ጠዋት ቀልሎት ይሄድና አቀበቱን ደክሞት ሲመለስ ያገኘዋል። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታና ወደ ጫንጮ የሚያወጣው መንገድ በአንጻሩ ዋናውን አቀበት በማለዳ ያስጨርሳል፤ ለዚህም ይመስለኛል ለቡድን ከሁሉም የሚስማማው።

ከባድ ተሽከርካሪዎች መንገዱን ሳይሞሉት ለመውጣት ጉዞው የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የእንጦጦም አናት ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በአቀበቱ ግርጌ የተጣደፈ ሰው አጋማሹ ላይ ሳይደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ መሪው ቀላል ማርሽ አስገብቶ፣ ከኋላው ያሉት እየተነጋገሩ ሊከተሉት በሚችሉት ፍጥነት ይወጣል።

አቀበቱ አልቆ የሱሉልታ ሜዳ ሲገለጥ የቡድኑ ጥቅም በግልጽ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ውርጭ እንደያዘ ነው፤ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ሜዳው ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ብስክሌተኞቹ በአንድ መስመር ተጠግተው ይነዳሉ፤ ከሰው ጀርባ የተከለለ ከፊት ነፋሱን ከሚከፍለው በእጅጉ ያነሰ ጉልበት ያወጣል፣ የፊተኛውም ሲደክም ወደ ጎን ወጥቶ ወደ መጨረሻ ይመለሳል። ጎማ ለጎማ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው አስፋልቱን ማየት ስለማይችል ዐይኑ የፊተኛው እጅ ነው፦ ጉድጓድ ሲያጋጥም ጉድጓዱ ባለበት በኩል ያለው እጅ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ ምልክቱም ከአንዱ ወደ ሌላው እስከ መጨረሻው ይተላለፋል። «መኪና!» የሚለው ጥሪ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ምልክቱን ሳያስተላልፍ የቀረ ሰው ጓደኛውን ለአደጋ አሳልፎ ሰጥቷልና ይህ እንደ ቀላል ጥፋት መታየት የለበትም።

ጫንጮ ላይ ሻይና ሽሮ ይቀርባል፤ ቆሎና ሙዝ በየኪሱ ይያዛል፣ የተነፈሰ ጎማም እዚያው ይለጠፋል። ከደርባ በኩል ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች እዚህ ዋናውን መንገድ ስለሚቀላቀሉ፣ በመልስ ጉዞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርዱ እንጨት የተሸከሙ እናቶችና አህዮች በመንገዱ ዳር ስለሚኖሩ፣ ቡድኑ መስመሩን አላልቶ፣ ፍሬኑን በመጠኑ እየያዘ ይወርዳል፤ አዲሱ ገበያ ሲደርስም የመጨረሻው ሰው መጥቶ እስኪቆጠር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።