እስስት በዓሣ መስታወት ውስጥ፦ ስለ መብራትና ስለ ጎጆ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ጅዳ ነው። አንድ ምሽት በኢሞ ደወለች። ሰላምታው ሳያልቅ ስልኩን ልጇ ነጠቃት። "ጋሼ፣ እስስት ገዛሁ!" ብሎ ካሜራውን አዞረው። የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት አየሁ። ታች አሸዋ፣ ላይ ቀይ አምፖል። አንዲት የየመን እስስት ጥግ ይዛ፣ ጠቁራ፣ ኩርምት ብላለች። ስሟን ሎሚ ብሏታል። ሎሚ የሚያስብል አረንጓዴ ግን አልነበረባትም።

እኔ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እስስትን የማውቃት ሐይቅ ከተማ፣ አያቴ ቤት አጥር ላይ ነው። ሳጥን ውስጥ አሳድጌ አላውቅም። ስለዚህ አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅኩ። ከዚያ በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ጎጆውን እንደገና ሠራነው። ወሬውን እዚህ ሰፈር ቡና ላይ ሳነሳው ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ስለ እስስት የማያውቅ የለም፤ የሚያውቀው ነገር እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም ወገን የሰማሁትን እነሆ።

"መስኮት ዳር ናት፣ ፀሐይ ታገኛለች"

የልጁ የመጀመሪያ መልስ ይሄ ነበር። መስታወቱ ላይ ፀሐይ ያርፋል፣ ውስጡ ይሞቃል፣ ምን ጎደለ?

የጎደለው በዓይን አይታይም። የእስስት ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ዩቪቢ በሚባለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ቫይታሚኑ ከሌለ የበላችው ካልሲየም ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። ያን ጊዜ ሰውነቷ ከራሷ አጥንት መበደር ይጀምራል። እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይላላል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታታል። ልጆች ላይ ሪኬትስ የምንለው በሽታ ዘመድ ነው። የጤና ባለሙያዎች አራሷን "ልጁን ፀሐይ አሙቂው፣ በመስኮት ሳይሆን ውጭ አውጪው" የሚሏት ለዚሁ ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ዩቪቢውን ግን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ስለዚህ ሎሚ ቀኑን ሙሉ "ፀሐይ ላይ" ውላ ፀሐይ አላገኘችም።

ይባስ ብሎ የመስታወት ሳጥን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ምድጃ ይሆናል። ሙቀቱ ገብቶ መውጫ ያጣል። እንስሳዋ መሸሻ የላትም፤ በአጭር ጊዜ ልትሞት ትችላለች። ፀሐይ ማሞቅ የሚፈልግ ሰው በወንፊት ጎጆ፣ ግማሹን ጥላ አድርጎ ማውጣት ነው ያለበት። እዚህ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ከፍታ ሲጨምር አልትራቫዮሌቱም ይበረታል። እኛው ራሳችን ቀትር ላይ ፒያሳ ስንወጣ ጥላ ፍለጋ ነው የምንሮጠው። የጠዋት ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታገኝ ግን ምርጥ ነው።

"አምፖል ያው አምፖል ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ነው።

ጎጆው ሁለት ዓይነት መብራት ይፈልጋል። አንዱ ለሙቀት ነው፤ ለዚህ ድሮ ቤታችን የነበረው ባለ ክር ነጭ አምፖል ይበቃል። ሌላው ለዩቪቢ ነው። ለዚህ የቤት ኤልኢዲም ሆነ ባለ ክሩ አምፖል ምንም አይፈይድም። ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የተሠራ፣ ቲ-5 የሚባል ረጅም የፍሎረሰንት ዘንግ ነው የሚመረጠው። ለልጁ የተሸጠለት ግን ትንሿ ጥምዝምዝ አምፖል ነበረች። እሷም ዩቪቢ አላት፤ ችግሩ ከሥሯ ያለችውን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የምታደርሰው። ረጅሙ ዘንግ የጎጆውን ወርድ ይሸፍናል። እስስቷ ስትፈልግ ትጠጋዋለች፣ ሲበቃት ቅጠል ውስጥ ትገባለች።

ርቀቱስ? ባለ 6 በመቶ ዩቪቢ የቲ-5 ዘንግ ከሆነ፣ እስስቷ መሞቂያዋ ላይ ስትቀመጥ ከጀርባዋ እስከ መብራቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በመሃል ያለው የጣሪያ ወንፊት ከጨረሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ሊያስቀር እንደሚችል አትርሱ። የአልትራቫዮሌት መለኪያ ያለው ሰው መሞቂያው ቅርንጫፍ ላይ የዩቪ ኢንዴክሱ (የጨረሩ መጠን) 3 ገደማ ሆኖ ካነበበ ጥሩ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ለየመን እስስት ወንድ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ፣ ሴት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ የሆነ መሞቂያ ይበቃታል። ልጁን ቴርሞሜትር አስገዝቼ ሲለካው 38 ሆኖ ተገኘ! አምፖሉ ከቅርንጫፉ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። እስስት ደግሞ የሰውነቷ ውስጥ እስኪሞቅ ስትጠብቅ ቆዳዋ እየተቃጠለ እንኳ ላትሸሽ ትችላለች። አናቷ ላይ ያለው ቆብ መሰል ጉብታ ነው ቀድሞ የሚቃጠለው። አምፖሉን ከፍ አደረግነው፣ ለካነው፣ እንደገና ከፍ አደረግነው።

ጎጆው በሙሉ እንዲህ ይሙቅ ማለት ግን አይደለም። ሙቁ ቦታ አንድ የላይ ጥግ ብቻ ነው። ከዚያ ሲወረድ 25፣ ከሥር 22 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይላታል። እስስት ሙቀቷን የምታስተካክለው በመንቀሳቀስ ነው። የምትሄድበት ቀዝቃዛ ቦታ ከሌላት ማስተካከያ የላትም። ከታች የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይም ትርፉ ቃጠሎ ነው፤ እሷ ሙቀት የምትጠብቀው ከላይ ነው።

"እስኪቃጠል ድረስ ይሠራል"

የዩቪቢው ዘንግ ቦግ ብሎ እየበራ ዩቪቢው ሊያልቅ ይችላል። ዓይናችን አይለየውም። ብዙዎቹ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለባቸው። የገዛችሁበትን ቀን ዘንጉ ላይ ጻፉት።

"ማታ እንዳይበርዳት ቀይ መብራት ይብራላት"

ይሄን ቡና ላይ ያነሳችው ጎረቤታችን ናት፣ በአዘኔታ። እስስት ግን ቀለም የሚለይ ዓይን ነው ያላት፤ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት እንኳ ታያለች። ቀይ መብራት ለእሷ ጨለማ አይደለም። እንቅልፍ ይነሳታል። ሌሊቱ ድቅድቅ ይሁን።

ሰዓቱ ለእኛ በጣም ቀላል ነው፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12። እንደ አገራችን ቀን ማለት ነው። ልጁ ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ገጠመለት፣ ከዚያ ረሳው።

ብርዱስ? የየመን እስስት የተራራ አገር ልጅ ናት። ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም። ጅዳ ውስጥ እንዲያውም ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌሊቱን ማቀዝቀዣው ነው የሚያስተኛት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደሴ ላይ ሌላ ታሪክ ነው። ክፍሉ ከ12 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ብርሃን የማያወጣ የሴራሚክ ማሞቂያ አለ፤ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ይገጠማል።

"የዓሣ መስታወት ይበቃታል፣ ትንሽ እንስሳ ናት"

እስስት ወደ ላይ የምትኖር እንስሳ ናት። ዓሣ ወደ ጎን ይዋኛል፣ መስታወቱም ለእሱ ነው የተሠራው። ለአዋቂ ወንድ የየመን እስስት ቢያንስ 60 በ60 በ120 ሳንቲ ሜትር ይባላል፤ ቁመቱ 120 ነው። ለሴት ትንሽ ቢያንስ ያስኬዳል። ጎጆው ደግሞ መሬት ላይ አይቀመጥም። ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ መቀመጫዋ ከሰው ዓይን በላይ ሲሆን ትረጋጋለች። ከላይ የሚመጣባት ነገር ለእሷ አሞራ ነው።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ቀዳዳ ያለው መስታወት ውስጥ እርጥበት ይታመቃል። ሙቀት፣ እርጥበትና የማይንቀሳቀስ አየር ሲገናኙ የሳንባ በሽታ ይመጣል። ከታችም ከላይም አየር የሚያስገባ ጎጆ ሲሆን ሙቁ አየር በላይ ሲወጣ ንጹሑ በታች ይገባል። እንደ ጭስ መውጫ በሉት።

ይሁን እንጂ "መስታወት ሐራም ነው፣ ወንፊት ብቻ" የሚሉም አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም። አየር መግቢያው ከተስተካከለ መስታወትም ይሠራል። ደሴ ውስጥ በበጋ፣ ያ ደረቅ የጦሳ ተራራ ነፋስ በሚገባበት ቤት፣ አራቱም ጎኑ ወንፊት የሆነ ጎጆ ሙቀትም እርጥበትም አይዝም። እኔ ብሆን ሦስቱን ጎን በፕላስቲክ ሸፍኜ ፊቱንና ጣሪያውን ወንፊት አደርገው ነበር። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሁለቱን ጎን መሸፈን ይበቃል ባይ ነኝ። በርና መስኮት የሚሠሩ የአሉሚኒየም ባለሙያዎች ልኩን ከሰጣችኋቸው ይሠሩታል። ወንፊቱን የብረት አድርጉት በሏቸው። የፕላስቲኩን ለምግብነት የሚገቡት ፌንጣዎች በልተውት ይወጣሉ፤ ከዚያ ቤቱ የፌንጣ ይሆናል።

"የተቀመጠችበትን ትመስላለች"

"እንደ እስስት ተለዋዋጭ" እየተባልን ስላደግን ይህን ማስለቀቅ ከባድ ነው። አንዱ ወዳጄ እንዲያውም "ሎሚ እንድትመስል አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፉላት" አለ። ሳቅን።

እስስት ቀለም የምትቀይረው በዋናነት ስሜቷን ለሌላ እስስት ለመናገርና ሙቀቷን ለማስተካከል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካሯን ፓንተር እስስት አጥንተው፣ ቆዳዋ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እንዳሉና በመሃላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ የሚመልሱት ብርሃን እንደሚቀየር አሳይተዋል። ጨርቁ ምንም አያገባውም።

ለእኛ የሚጠቅመን ቀለሟን እንደ ቴርሞሜትር ማንበቡ ነው። ጠዋት ጠቁራ ከመብራቱ ሥር ጎኗን ከሰጠች እየሞቀች ነው፤ ጤነኛ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ከጠቆረች ወይ በርዷታል ወይ ፈርታለች። ነጣ ብላ አፏን ከከፈተች ሙቀቱ በዝቷል። ሎሚ ያን ምሽት የጠቆረችው ፈርታ ነበር። መደበቂያ ቅጠል አልነበራትም፤ በአራቱም ጎን ሰው ያያታል።

"ማንኛውም ቅጠልና እንጨት ይሆናል"

ጎጆው በቅጠል ጥቅጥቅ ማለት አለበት፣ በተለይ ላይኛው ክፍል። ፊከስ ይሆናል፣ ሂቢስከስም ይሆናል። የየመን እስስት ቅጠል ስለምትገምጥ መርዛማ የሆነውን እንዳታስገቡ። ቅንጭብና ቁልቋል ፈጽሞ! ወተታቸው ዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቃል። ለመረማመጃ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ግሩም ነው። እግሯ ዙሪያውን ሊጨብጠው የሚችል ውፍረት ይኑረው። አንዳንዱ አግድም ይግባ፣ አንዳንዱ ዘንበል ይበል።

ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ልፋት ነው። ብዙ ጊዜ የቆመን ውሃ ውሃ ብላ አታየውም። ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው የምትልሰው። ጠዋት አምፖሉ ሳይበራ ቅጠሉን እርጩላት፣ ቀን ይድረቅ።

"ብቻዋን ትደብራለች፣ ጓደኛ እንግዛላት"

አትደብርም። ሁለት እስስት አንድ ጎጆ ውስጥ ከገቡ አንዷ ሌላዋን ታስጨንቃለች። ለመጨነቅ መተያየታቸው ብቻ ይበቃል።

"ወንድ ከሌለ እንቁላል የለም"

ይሄን ስሰማ "ዶሮስ?" አልኩ። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ የየመን እስስትም እንደዚያው። የማይፈለፈል እንቁላል ነው፣ ግን መውጣት አለበት። የምትቆፍርበት ካጣች እንቁላሉን ይዛ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ለሴት እስስት ጎጆ ውስጥ እርጥብ አሸዋ የሞላ፣ ጥልቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባልዲ የግድ ነው። አሸዋው ተቆፍሮ የማይናድ ይሁን። ስትቆፍር ሰው ካያት ትታው ልትሄድ ትችላለችና በጨርቅ ጋርዷት።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግራት ደነገጠች። "አብሽሪ፣ ባልዲ ብቻ ነው" አልኳት። ከሁለት ወር በኋላ ሎሚ ምግብ አቁማ ወለሉን መቧጠጥ ጀመረች። ባልዲው ተዘጋጅቶ ነበር።

"ለበዓል ስንመጣ ይዘናት እንምጣ"

በሻንጣ አይቻልም። እስስቶች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ ከሚመራ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ሳይተስ በሚባለው ስምምነት። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት።

"እሺ፣ ከሐይቅ አጥር አንዷን ላንሳ?" አለ ልጁ። እሱም አይሆንም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ እዚህም በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኙ እስስቶች አሉ፤ አንዷ ስሟን ያገኘችው ከባሌው ሐረና ደን ነው። ለየመኗ የነገርኩት ሙቀት ለደጋ እስስት ይበዛባታል። የአጥሯን እስስት መርዛማ ናት ብለው በድንጋይ የሚመቷትም አሉ። መርዝ የላትም።

ሲመጣ ሐይቅ እንሄዳለን ተባብለናል፣ ባትሪ ይዘን፣ ከመሸ በኋላ። ስትተኛ ነጣ ስለምትል በብርሃን ቶሎ ትታያለች። ብዙም ሳናበራባት አይተናት እንመለሳለን።